የሁለተኛው ወርዋሪ ተቀባይ

ጠዋት እነሳና የመስኮቶቹን መዝጊያ እከፍታለሁ። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚገባው ወጥ ቤት ነው። ሩዙ በማብሰያው ውስጥ በስሎ ይጠብቀኛል። ከላዩ ጥቂት በትንሽ ሳህን አወጣና ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ከባለቤቴ ፎቶግራፍ ፊት አስቀምጣለሁ። የቀረውን እኔ በሚሶ፣ ከአኩሪ አተር በሚሠራ ሾርባ፣ እበላለሁ። ምሳዬን በጨርቅ እቋጥራለሁ። መግቢያው ላይ፣ ጫማዬን ከማጥለቄ በፊት፣ ከጃንጥላዎቹ በላይ ካለው ምስማር ላይ ትልቁን የቆዳ ጓንት አወርድና ዘይት በነካ ጨርቅ አንዴ እወለውለዋለሁ። ቆዳ ካልታሸ ይደርቃል። መልሼ እሰቅለዋለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ፣ በብስክሌቴ የባሕሩን ግንብ ይዤ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

እንዲህ ነበር እስከ ሰኔ ድረስ።

የማስተምረው ሂራሃማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ። ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መስኮቱ ሜዳውን ያያል። እዚያ ሜዳ ላይ ባለቤቴ የቤዝቦል ቡድኑን ለብዙ ዓመታት አሠልጥኗል። ባለፈው ጥር ሞተ። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እስክሪብቶ ያስነሳኝ ነገር ሌላ ነው። ያስነሳኝ የሁለት አሠልጣኞች ጨዋነት ነው። ሁለቱም እጅግ መልካም ሰዎች ናቸው። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሳምንት ባለቀ ነበር።

በሚያዝያ የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ከእኛ ትምህርት ቤት ቤዝቦል የሚጫወቱት ስድስት ልጆች ብቻ ነበሩ። ተራራው ሥር ያለው የኩሬያማ ትምህርት ቤት አምስት ነበሩት። ዘጠኝ ልጅ ከሌለ ቡድን የለም። ስለዚህ እንዳለፈው መኸር ሁሉ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተጣመሩ። እንዲህ ያለ ጥምር ቡድን አሁን በየአውራጃው አለ፤ ልጆቹ የየራሳቸውን ትምህርት ቤት መለያ እንደለበሱ በአንድ ወገን ይቆማሉ። የእኛዎቹ ሰማያዊ፣ የኩሬያማዎቹ ግራጫ። የሚለማመዱት እኛ ሜዳ ላይ ነው፤ የኩሬያማዎቹ ሜዳ ግማሹ ድንች ተተክሎበታል።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ዋና አሠልጣኝ የሆነው አቶ ኒሺዴ ነው። ወጣት የሒሳብ መምህር ነው፤ በልጅነቱ የባለቤቴ ተጫዋች ነበር። ረዳቱ ከኩሬያማ የሚመጡት መምህር ሞሮዙሚ ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል። ኒሺዴ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ወርዋሪዎች ያሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሜዳው የእኛ ስለሆነ ረዳትነቱን ራሳቸው ለምነው ወሰዱት። እኔን ደግሞ ርእሰ መምህሩ “ለስም ያህል” ብሎ የክበቡ ተጠሪ አደረገኝ። ሥራዬ የገብስ ሻይ ማፍላትና በረዶ መጨመር ነበር።

ቡድኑ ሁለት ወርዋሪ ነበረው። አንደኛው ኡራቤ ነው፤ የእኛ ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ በጀርባው ላይ ቁጥር አንድን፣ የዋናውን ወርዋሪ ቁጥር፣ የለበሰ፣ ትከሻው የዓሣ አጥማጅ አባቱን የመሰለ። ሁለተኛው ካናሜ ነው፤ የኩሬያማ ልጅ፣ በአንድ ዓመት የሚያንስ፣ ግራኝ፣ ቀጭን፣ ሲጠሩት ሁልጊዜ የሚደነግጥ። ባለፈው መኸር ካናሜ እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ባለቤቴ በጓሯችን በካኪው ዛፍና በዕቃ ቤቱ መካከል ርቀቱን ለክቶ አንድ ጣውላ ተክሎለት፣ ያንን ትልቅ ጓንት አጥልቆ ቁጢጥ ብሎ የሚወረውረውን ኳስ ይቀበለው ነበር። “ኡራቤ ያለው አንድ ክንድ ነው” ይለኝ ነበር እጁን ሲታጠብ። “ሌላ ክንድ ካላዘጋጀን ያንን አንዱን እናጠፋዋለን።”

ጥር ላይ ቆመ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ጨዋነቱ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዤ ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። ተቀባዩ ልጅ የፊት መከላከያውን አጥልቆ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ቡድኑ ያለው አንድ ተቀባይ ብቻ ነው።

“መምህር ሞሮዙሚ” አለ ኒሺዴ ኮፍያውን አውልቆ፣ “ዛሬ እስቲ ካናሜን ብናስወረውረውስ?”

“ኧረ በጭራሽ! እኛ እንግዶች ነን። ሜዳው የእናንተ፣ ተቀባዩ የእናንተ። ኡራቤ ይወርውር።”

“ሁልጊዜ የእኛ ልጅ ብቻ? በጣም ያሳፍረኛል።”

“ምን ያሳፍራል! ካናሜ ገና ልጅ ነው፤ ይጠብቃል።”

“እንግዲያው በጣም አስቸገርኳችሁ።”

“ያስቸገርናችሁስ እኛ።”

ሁለቱም እጅ ነሡ። ኡራቤ ወርዋሪ ወደሚቆምበት ጉብታ ወጣ። ካናሜ ኳስ የሞላ ባልዲ ይዞ ከመሣሪያ ቤቱ ኋላ ሄደና መረብ ላይ መወርወር ጀመረ። መረብ ኳሱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ አይልም። መረብ ክርንህ ወድቋል አይልም።

የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛውም ቀን ያው ሆነ። በግንቦትም ያው ነበር። ኒሺዴ ይጋብዛል፣ መምህር ሞሮዙሚ ይመልሳሉ፣ ሁለቱ እጅ ይነሣሣሉ፣ ኡራቤ ይወረውራል። የሌላ ትምህርት ቤት ቡድን ለልምምድ ጨዋታ ሲመጣ ቅዳሜ ሁለት ጨዋታ፣ እሑድ ሁለት ጨዋታ ይሆናል፤ ሁሉንም ኡራቤ። አንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ ኒሺዴን በመምህራን ክፍል ያዝኩት።

“ካናሜ ሲወረውር ክርኑ እየወደቀ ነው። አላየኸውም?”

“አይቼዋለሁ፣ መምህርት።” አንገቱን ደፋ።

“ታዲያ ለምን አትነግረውም?”

“የመምህር ሞሮዙሚ ተማሪ እኮ ነው! የሌላ ሰው ተማሪ አወራወር እንዴት እነካለሁ? ለዚያውም የእሳቸውን! ጋሼ ኢሶጋይ ቢሆኑ…” አለና ባለቤቴን መጥራቱ ሲገባው ጆሮው ቀላ። “ይቅርታ።”

“ምንም አይደለም። ቀጥል።”

“እሳቸው የመምህር ሞሮዙሚ እኩያ ነበሩ። እኔ ማን ነኝ?”

በሚቀጥለው ልምምድ መምህር ሞሮዙሚን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ “ዋና አሠልጣኙ አቶ ኒሺዴ ናቸው። እኔ ረዳት ሆኜ በሰው ሜዳ ላይ ስለ አወራወር ባስተምር፣ ልጁ ሁለት አለቃ ይኖረዋል። ቡድን የሚያፈርሰው እሱ ነው። አቶ ኒሺዴ እስኪነግሩት እጠብቃለሁ” አሉኝ።

አንዱ አንዱን እየጠበቀ፣ ልጁ መረብ እየደበደበ፣ ፀደዩ አለቀ።

“ደንብ አለ እኮ” አለኝ ኒሺዴ አንድ ቀን ሊያጽናናኝ። “አንድ ወርዋሪ በሳምንት ከአምስት መቶ ኳስ በላይ መወርወር አይችልም። ኡራቤ የተጠበቀ ነው።”

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ደንቡ የወጣ ቀን ባለቤቴ ጋዜጣውን እራት ላይ ዘርግቶ አስረድቶኛል። ደንቡ የሚሠራው በውድድር ላይ ብቻ ነው፤ በልምምድ ማንም አይቆጥርም። በውድድርም ቢሆን በአንድ ሳምንት አምስት መቶ ኳስ ለመወርወር ሦስት አራት ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል። የእኛ ቡድን ባለፉት ዓመታት ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ታይቶ አያውቅም። እኛን የመሰለ ትምህርት ቤት ደንቡ በአጠገቡም አያልፍም። ደንቡ ጣሪያ ነው፤ እኛ ያጣነው ወለል ነው። ሁለተኛ ወርዋሪ አዘጋጁ የሚል ደንብ ደግሞ የለም፤ አዘጋጁ ቢባልም “እባክዎ እርስዎ ይቅደሙ” መባባልን የሚከለክል ደንብ ማን ያወጣል? ይህን ሁሉ ለኒሺዴ ነገርኩት። “ልክ ነዎት፣ መምህርት” አለና እጅ ነሣኝ። የዚያን ቀን እጅ መንሣት የሚባል ነገር አስጠላኝ።

ሰኔ ላይ የዝናቡ ወቅት ገባ። ኡራቤን አንድ ጥንታዊ ግጥም ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ አስነሣሁት። ጠመኔውን በግራ እጁ አነሳ። የጻፈው ፊደል ነፋስ የጣለው አጥር ይመስላል።

“ቀኝ እጅህ ምን ሆነ?”

“ደህና ነው፣ መምህርት። ግራዬን እያለማመድኩት ነው።”

“ለምን?”

አሰበ። “ድንገት… ካናሜ እንዳይንቀኝ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ፣ “አንተን በቀኝህም ቢሆን ይንቅሃል!” አለ። እኔ አልሳቅኩም። ከትምህርት በኋላ ራሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የክርኑ ጅማት አብጧል፤ ከውድድሩ በፊት አንድም ኳስ እንዳይወረውር፣ በውድድሩም ቢሆን ጥቂት ብቻ፤ ይህን ካላከበረ ግን ጉዳቱ በቢላዋ የሚታከም እንደሚሆን ሐኪሙ ተናገረ። ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ውጪ እያየ፣ “መምህርት፣ እኔ ኮሌጅ ገብቼም መጫወት እፈልጋለሁ” አለ።

እንግዲህ ነገሩ በራሱ ጊዜ ተፈታ አልኩ። ውድድሩ ሐምሌ ላይ ነው፤ ያለን ወርዋሪ ካናሜ ብቻ ነው፤ አሁን ማን ማንን ያስቀድማል? ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ጉብታው ላይ ማንም የለም። ካናሜ መረቡ ጋ ነው።

“አቶ ኒሺዴ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል” አሉ መምህር ሞሮዙሚ በለሆሳስ። “ግን እስቲ ያስቡት። የእናንተ ልጅ በተጎዳ ማግስት የእኔን ልጅ ጉብታው ላይ ባወጣ፣ በኡራቤ ጉዳት ደስ ያለን አይመስልም? ወላጆቹስ ምን ይላሉ? ትንሽ እናስታምም።”

“ውድድሩ እየደረሰ ነው።”

“ቢሆንም፣ ይሉኝታ አለ።”

ወደ ካናሜ ሄድኩ። ጫፉ የተሸነቆረውን ባልዲ አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ።

“አንተስ ምን ትላለህ?”

“ታላቄን ኡራቤን ማፈናቀል አልፈልግም።”

አጥሩ ላይ ተደግፎ ክንዱን በበረዶ የጠቀለለው ኡራቤ ሰማው። “ኧረ አፈናቅለኝ!” ብሎ ጮኸ። “አንተ ልጅ፣ እጅህን ስመህ አፈናቅለኝ! ክንዴ ሊገነጠል ነው እኮ!”

ካናሜ ደነገጠና ሁለት ጊዜ እጅ ነሣው። ከዚያ ወደ መረቡ ተመለሰ።

የዚያን ቀን ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቤቴ መግቢያ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ቆምኩ። እነዚህን ሰዎች በምክንያት ማሸነፍ አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ እጅ መንሣት አላቸው። በጨዋነት ለሚያመልጡ ሰዎች ማምለጫ የሌለው ጨዋነት ያስፈልጋል።

ሰው ሲሞትብን፣ ሐዘኑ ከሚያበቃበት ከአርባ ዘጠነኛው ቀን በኋላ፣ የለበሰውንና የያዘውን ለቅርቦቹ እናካፍላለን። ባልንጀራህ ምግብ ቢያቀርብልህ ሁለት ጊዜ እምቢ ትላለህ። ሥጦታ ቢሰጥህ “ይህማ አይገባኝም” ትላለህ። የሟች መታሰቢያ ግን እምቢ አይባልም፤ በሁለት እጅ ተቀብሎ አመሰግናለሁ ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። እኔም ሹራቦቹን ለወንድሙ፣ የዓሣ መንጠቆውን ለጎረቤት፣ ሰዓቱን ለኒሺዴ ሰጥቻለሁ። ጓንቱን ለማንም አልሰጠሁም። ስለ ጓንቱ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ከምስማሩ አወረድኩት። እንደ ወትሮው ወለወልኩት። በሐር ጨርቅ ጠቅልዬ በብስክሌቱ ቅርጫት ውስጥ አደረግኩት።

ልጆቹ ሁሉ ተሰልፈው ነበር። መምህር ሞሮዙሚ ፊት ቆምኩና ጨርቁን ፈታሁ።

“የባለቤቴ መታሰቢያ ነው። ካናሜን ይቀበልበት የነበረው ነው። እርስዎ እንዲይዙት እፈልጋለሁ።”

ፊታቸው ተለዋወጠ። ኮፍያቸውን አወለቁ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ግንባራቸው ቆዳውን እስኪነካ ድረስ አጎነበሱ። “አመሰግናለሁ” አሉ። ሌላ ቃል አልነበራቸውም፤ እንዳሰብኩትም ሆነ። ኒሺዴ ፊቱን አዞረ። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ መምህር ሞሮዙሚ ጓንቱን በሐሩ መልሰው በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ ሻንጣቸው ውስጥ ከላይ አስቀመጡት፣ ዚፑን ዘጉት፣ ልምምዱም ተጀመረ። ካናሜ ባልዲውን አነሳና ወደ መረቡ ሄደ።

ይሁን፣ ዛሬ ስሜቱ ከብዷቸው ነው አልኩ። ማክሰኞ ልምምድ ነበር፤ መረብ። ሐሙስም፤ መረብ። ካናሜን ጠራሁት።

“ጓንቱ የት ነው?”

“መምህር ቤት ነው። የእንግዳ ክፍሉ የክብር ቦታ ላይ አስቀምጠውታል። ከፊቱ አበባ አለ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በጣም ያምራል።”

እሑድ ከሰዓት በአውቶቡስ ኩሬያማ ሄድኩ። በሕይወቴ ሳልጠራ የሰው ቤት ሄጄ አላውቅም። የመምህር ሞሮዙሚ ባለቤት፣ ቀይ ሽርጥ ያደረጉ ክብ ሴትዮ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ዱባና ሻይ አቀረቡልኝ። ጓንቱ እውነትም እዚያው ነበር። ግድግዳው ውስጥ ባለው የክብር ቦታ፣ ከተሰቀለው ጽሑፍ ሥር፣ ሁለት ሰማያዊ አበባ ቀርቦለት። ቆዳው ጫፍ ጫፉ ላይ መንጣት ጀምሯል።

“በየጠዋቱ እጅ እነሣዋለሁ” አሉ መምህር ሞሮዙሚ።

ትዕግሥቴ ያኔ አለቀ። “መምህር፣ ይህ ጓንት ነው። የሰጠሁዎት ኳስ እንዲመታው ነው። እጅ እንዲነሡትማ ብፈልግ እኔ ቤት ነበረ፤ እኔም እጅ መንሣት አያቅተኝም።”

ሴትዮዋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተብሎ አያውቅም። እኔም ለማንም ብዬ አላውቅም።

“እንዴት አድርጌ…” አሉ። “የእሳቸውን መታሰቢያ እንዴት አድርጌ ከአፈር ጋር አነካካዋለሁ?”

“ባለቤቴ ከአፈር ጋር ሲያነካካው ነው የኖረው። እባክዎ ያቆሽሹት። እለምንዎታለሁ። ካናሜን ቁጢጥ ብለው ይቀበሉት፤ ሌላ ምንም አልልዎትም።”

አንገታቸው ቀስ እያለ ቀላ።

“ንገራቸው እንጂ!” አሉ ባለቤታቸው። “ሴትዮዋ በዚህ ዝናብ መጥተው!”

“አንቺ ዝም በይ።”

“እሺ እኔ እነግራቸዋለሁ። ጉልበቱ አይታጠፍም፣ እመቤት። ሁለት ዓመቱ ነው። ሽንት ቤት እንኳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚነሣው። ቁጢጥ ቢል ልጆቹ ተረባርበው ማንሳት ሊኖርባቸው ነው፤ በእናንተ ሜዳ ላይ፣ በሰው ፊት። ለዚህ ነው እንግዳ ነኝ እንግዳ ነኝ የሚለው።”

መምህር ሞሮዙሚ ሰሌኑን ያዩ ነበር። የጸደዩ ሁሉ ትሕትና፣ የጸደዩ ሁሉ “እባክዎ”፣ አንድ የማይታጠፍ ጉልበት ይሸፍን ኖሯል። ልናደድ ወይስ ልዘን አላወቅኩም። ይበልጥ ወደ ንዴቱ ያደላ ነበር።

“ለምን አልተናገሩም?”

“አንድ አሠልጣኝ ቁጢጥ ማለት ካልቻለ ምን ቀረው?”

በተከፈተው በር፣ ከወጥ ቤቱ ውጪ፣ ከመጥረጊያው አጠገብ የተደፋ ቢጫ የፕላስቲክ የቢራ ሣጥን አየሁ። ተነሥቼ ወጣሁ፣ አመጣሁትና ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩት። በሰው እንግዳ ክፍል ውስጥ፣ የቢራ ሣጥን።

“ይቀመጡ።”

“ምን?”

“እዚህ ላይ ይቀመጡ። ጓንቱን ያጥልቁ።”

ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው፣ “ቢራውን ከጨረስከው ቆየ፤ ሣጥኑ ሥራ ፈቷል። ተቀመጥ” አሉ።

ተቀመጡ። ጓንቱን ከአበባው ፊት አነሱና አጠለቁት። ቁመታቸው ቁጢጥ ካለ ተቀባይ እምብዛም አይበልጥም ነበር። እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉና ጓንቱን ከፈት ዘጋ አደረጉት። “ጠንክሯል” አሉ፤ ቅር ባለው የባለሙያ ድምፅ። “ማን ነው እንዲህ ያደረቀው?”

“እርስዎ።”

ሚስታቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ የተማሪ ወረቀት አርም ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ድምፁ መጣ። ቆዳው መሐል ላይ የወደቀ ኳስ የሚሰጠው ጥልቅ፣ ደረቅ ድምፅ። ሌላ ጓንት እንደዚያ አይጮኽም። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩት። ከዚያ መልሼ አነሳሁት። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ መጣ፤ መምህር ሞሮዙሚ እየጮኹ።

“ኒሺዴ! አንተ ኒሺዴ! እዚህ ና!”

እንዲህ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቢጫው ሣጥን ላይ እግራቸውን አንሰራፍተው ተቀምጠዋል፤ ኒሺዴ እየሮጠ ነው።

“እኔ የማየው ከፊት ነው። ክርኑን አንተ ከጎን እየው!”

“ይፈቀድልኛል፣ መምህር?”

“ሰውዬ! ቂጤ በሣጥን ተፈትጎ እያየህ ፈቃድ ትጠይቀኛለህ? እየው!”

ኒሺዴ የካናሜን ክርን በሁለት ጣቱ ያዘና ከፍ አደረገው። ቀጣዩ ኳስ ሲወረወር ድምፁ ይበልጥ ጥልቅ ነበር። ኡራቤ ከአጥሩ ላይ፣ “አሁን ነው መፈናቀል!” ብሎ ጮኸ።

ከዚያን ቀን በኋላ ያ ሣጥን በየልምምዱ በአውቶቡስ መጣ። ሹፌሩ ቢራ የት እንዳለ ሲጠይቅ መምህር ሞሮዙሚ ባዶ ነው እያሉ ማስረዳት ሰለቻቸው።

የሐምሌው ጨዋታ በጠራራ ፀሐይ ነበር። እኔ ተመልካች መካከል ነበርኩ፤ ሁለቱ አሠልጣኞች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን። ግራጫ መለያ የለበሰው ካናሜ ወረወረ፣ ሰማያዊ የለበሰው ተቀባይ ተቀበለ፣ ኡራቤ በአንደኛው ማዕዘን ቆሞ በየኳሱ ያበረታው ነበር። ስድስት ዙር ያለ አንድ ነጥብ አለፈ። በሰባተኛው ካናሜ ደከመ፤ ተከታትለው መቱበት። በእኛ ደንብ አሠልጣኝ ወደ ጉብታው አይወጣም፤ አንድ ተጫዋች መልእክት ይዞ ይላካል። ሁለቱ ሲነጋገሩ ከሩቅ አየሁ። ኒሺዴ መልእክተኛ እንዲሆን አግዳሚው ላይ ያለውን የኩሬያማ ልጅ በእጁ አመለከተ። መምህር ሞሮዙሚ የእኛን ልጅ አመለከቱ። ኒሺዴ አንገቱን ነቀነቀ። መምህር ሞሮዙሚ እጃቸውን አወዛወዙ። ሁለቱ ኮፍያቸውን አወለቁ።

“አይ!” አልኩ። አጠገቤ ያሉት የካናሜ እናት ዞረው አዩኝ።

እነሱ እጅ ሲነሣሡ ዳኛው ጨዋታውን አስቀጠለ። ካናሜ ራሱ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ክርኑን ከፍ አደረገ፣ ሦስተኛውን መቺ ከጨዋታ አውጥቶ ዙሩን ዘጋ። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኳሶች ኡራቤ ወረወረ፤ ሐኪሙ ከፈቀደለት አንድም አላለፈም። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። የመጀመሪያው ጨዋታ፣ እንደ ሁልጊዜው። ነገር ግን ኡራቤ ከሜዳው ሲወጣ ክንዱን እንደፈለገ እያወዛወዘ ነበር፤ በመጪው ሚያዝያ ኮሌጅ ይገባል። ካናሜ አለቀሰ፤ ከሽንፈቱ ይልቅ ኡራቤ ቁጥር አንዱን መለያ አውልቆ ትከሻው ላይ ስለጣለበት ይመስለኛል። መለያው ሰማያዊ ስለሆነ ሊለብሰው አይችልም፤ ቁጥሩን ተርትረው ግራጫው ላይ መስፋት አለባቸው። እናቱ እዚያው አግዳሚው ላይ መርፌ ፈለጉ።

ሙታን በሚታሰቡበት በነሐሴ ሰሞን መምህር ሞሮዙሚ ቤቴ መጡ። ለባለቤቴ ዕጣን ለኮሱ፣ እጃቸውን አጣመሩ። ከዚያ ጓንቱን ከሐሩ አውጥተው ሰሌኑ ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ጥቁር ሆኗል፣ ተጎሳቁሏል፣ አንድ ጠፍሩ ተበጥሶ በአዲስ ተቀይሯል።

“አገልግሏል። መልሰው ይውሰዱት።”

“አይሆንም፣ መምህር። ካናሜ አንድ ዓመት ይቀረዋል።”

“እባክዎ።”

“አይሆንም።”

“እባክዎ፣ እለምንዎታለሁ።”

የሰጡት መታሰቢያ አይመለስም። ሦስት ጊዜ እምቢ አልኳቸው፣ ሦስተኛውን ጊዜ ግን ለመናገር ጥቂት ቆየሁ። መልሰው ጠቀለሉት። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ግድግዳውን እንዳይዙ ክንዳቸውን ያዝኩላቸው።

ጠዋት አሁንም የመስኮቶቹን መዝጊያ እከፍታለሁ። ሩዙንና ውሃውን አስቀምጣለሁ። ምሳዬን እቋጥራለሁ። ዘይት የነካው ጨርቅ ከጫማ ማውለቂያው ላይ ተጣጥፎ አለ። ከጃንጥላዎቹ በላይ ምስማሩ አለ። ጓንቱ የለም።